የአልማዝ ቀለበት ሲገዙ፦ ስለ ፈርጡ ጥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወርቅ መግዛት ብዙዎቻችን እናውቅበታለን። ካራቱን ጠይቀን፣ በሚዛን አስመዝነን፣ የእጅ ዋጋውን ተከራክረን እንገዛለን። አልማዝ ላይ ሲደርስ ይህ ልማድ አያዋጣም። ክብደቱ ብቻውን ዋጋውን አይነግርም፤ ለዓይን መንትያ ከሚመስሉ ሁለት ፈርጦች አንዱ የሌላው እጥፍ ሊጠየቅበት ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ለቃል ኪዳን ወይም ለሠርግ ቀለበት ሊገዙ የተነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዘም ያለው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

የአልማዝ ጥራት የሚለካው በምንድን ነው?

በአራት ነገር ነው፦ በአቆራረጥ፣ በቀለም፣ በንጽህና እና በካራት ክብደት። ዛሬ ዱባይም ይሁን ኒውዮርክ ነጋዴዎች የሚግባቡበትን የደረጃ አሰጣጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተውና በገበያው ጂ.አይ.ኤ. እየተባለ የሚጠራው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ነው። የቀለም መለኪያውን ከዲ እስከ ዜድ አድርጎ ያወጣው በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ነጋዴ "ኤ"፣ ሌላው "ድርብ ኤ"፣ ሌላው ደግሞ "ሰማያዊ ነጭ" እያለ ይሸጥ ነበር። ከነዚያ አጠራሮች ጋር እንዳይምታታ ሲባል ነው መለኪያው ኤ፣ ቢ እና ሲን ዘሎ ከዲ የጀመረው። ዛሬም "ድርብ ኤ ጥራት ያለው አልማዝ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ የላብራቶሪ ሪፖርቱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት።

ከአራቱ የትኛውን ላስቀድም?

አቆራረጡን። በዚህ ላይ ምንም ጥርጥር የለኝም። ቀለሙንና ንጽህናውን ድንጋዩ ከምድር ይዞ ይወጣል፤ አቆራረጡን የሚሰጠው የሰው እጅ ነው፣ አልማዝ የሚያበራውም በእሱ ነው።

አቆራረጥ ሲባል ክብ ወይም ሞላላ መሆኑ አይደለም፤ እሱ ቅርጽ ነው። አቆራረጥ ማለት በድንጋዩ ላይ የተቆረጡት ገጾች (በተለመደው ክብ አልማዝ ላይ 57 ወይም 58 ናቸው) ያላቸው አንግል፣ መጠንና አሰላለፍ ነው። ብርሃን ከላይ ገብቶ የታችኛዎቹን ገጾች መትቶ ወደ ዓይናችን መመለስ አለበት። አንግሉ ከተዛባ ግን ብርሃኑ ከስንጥቅ ገንቦ እንደሚወጣ ውሃ ከታች ይፈሳል። በጣም ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ ድንጋይ ሲያዩት ውስጡ ላይ ግራጫ ክብ መስመር ይታያል፤ ከልክ በላይ የጠለቀው ደግሞ መሃሉ ይጠቁራል። ቀለሙ ዲ፣ ንጽህናው እንከን የለሽ ቢሆንም እንኳ እንዲህ ያለው ድንጋይ ጣት ላይ ሲውል የሞተ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1919 ማርሴል ቶልኮቭስኪ የተባለ፣ ከአንትወርፕ የአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የወጣ መሐንዲስ፣ ክብ አልማዝ የተሻለ የሚያበራበትን አንግል በሒሳብ አስልቶ አሳተመ። ለላይኛው ክፍል 34.5 ዲግሪ፣ ለታችኛው 40.75 ዲግሪ ነበር ያገኘው፤ የዛሬዎቹ ቆራጮችም ከዚያ ብዙ አልራቁም። ሪፖርቱን ሲያነቡ እንደ መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች ልስጥዎ፦ የላይኛው አንግል ከ34 እስከ 35፣ የታችኛው ከ40.6 እስከ 41 ዲግሪ፣ ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ገጽ ከ54 እስከ 58 በመቶ፣ ጥልቀቱ ከ59 እስከ 62.5 በመቶ (ሁለቱም ከድንጋዩ ዲያሜትር ሲሰሉ)። ከዚህ ትንሽ የወጣ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱም አንግሎች በአንድ ጊዜ ከፍ ያሉበትን ድንጋይ ግን ይተዉት።

ጂ.አይ.ኤ. እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለክብ አልማዝ የአቆራረጥ ደረጃ ይሰጣል፦ ኤክሰለንት፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር እና ፑር። ኤክሰለንት የሚለውን ይያዙ። በጀቱ ካልበቃዎ ከክብደቱ ይቀንሱ፣ ከቀለሙ ይቀንሱ፣ ከንጽህናው ይቀንሱ፤ አቆራረጡን ግን አይንኩት።

"18 ካራት አልማዝ" ብለውኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

በተራ ሰው አቅም አይገዛም። የወርቅ ካራት ንጥርነትን፣ የአልማዝ ካራት ደግሞ ክብደትን ነው የሚለካው። 18 ካራት የተባለው ቀለበቱ የተሠራበት ወርቅ ነው፤ ከ24 እጅ 18ቱ ማለትም 75 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ውስጡ ላይም 750 የሚል ማኅተም ይኖረዋል። ቤተሰብ "ለምን 21 አልሆነም?" ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ወርቁ እየጠራ በሄደ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ድንጋዩን የያዙት ጥፍሮች ከለሰለሱ ደግሞ ፈርጡ ይወድቃል። ለአልማዝ ቀለበት 18 ካራት ወርቅ ጥሩ ምርጫ ነው፤ 21ዱን ለአንገት ሐብልና ለአምባር ይተዉት።

1 ካራት ምን ያህል ትልቅ ነው?

1 ካራት 0.2 ግራም ነው፤ አምስት ካራት ተደምሮ 1 ግራም ይሞላል። አንዱ ካራት በ100 ነጥብ ስለሚከፈል ሻጩ "50 ነጥብ" ሲልዎ ግማሽ ካራት ማለቱ ነው። በደንብ የተቆረጠ ባለ 1 ካራት ክብ አልማዝ ዲያሜትሩ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ካራቱ ወደ 5.1፣ ሁለት ካራቱ ደግሞ ወደ 8.1 ሚሊሜትር ይደርሳል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ እጥፍ አይሆንም፤ ዋጋው ግን ከእጥፍም ያልፋል፣ ምክንያቱም ትልቅ ድንጋይ ብርቅ በመሆኑ የአንዱ ካራት ዋጋ ራሱ ይጨምራል።

ገበያው የሚወዳቸው ቁጥሮች አሉ፦ 0.50፣ 0.70፣ 0.90፣ 1.00፣ 1.50፣ 2.00። ዋጋው እነዚህ ላይ ሲደርስ ዘልሎ ይወጣል። ስለዚህ 0.95 ካራት የሚመዝን ድንጋይ ከ1 ካራቱ በሚሊሜትር ሽራፊ ነው የሚያንሰው፤ ጣት ላይ ማንም አይለየውም፣ ዋጋው ግን ጎላ ብሎ ይቀንሳል። በተቃራኒው፣ ቆራጩ 1 ካራትን ለመሙላት ሲል ድንጋዩን ከታች አጥልቆ የተወበት ጊዜ አለ። ሪፖርቱ ላይ "1.00 ካራት" ካዩ ወዲያው ሚሊሜትሩን ይመልከቱ። 6.2 ከሆነ የከፈሉበት ክብደት ማንም በማያየው በታችኛው ክፍል ተደብቋል።

"ጠቅላላ ክብደት 1 ካራት" የሚል ወረቀትም ያስተውሉ። በብዙ ትንንሽ ድንጋዮች የተሰበሰበ 1 ካራት ከአንድ ባለ 1 ካራት ፈርጥ ጋር በዋጋም በብርቅነትም አይገናኝም።

የትኛው የቀለም ደረጃ ይበቃኛል?

ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ቀለም አልባ ናቸው። ከጂ እስከ ጄ ያሉት ለቀለም አልባ የቀረቡ ሲሆኑ፣ ከኬ ጀምሮ ፈዛዛ ቢጫነት መታየት ይጀምራል፤ ወደ ዜድ ሲሄድም እየደመቀ ይመጣል። ደረጃው የሚሰጠው ድንጋዩ ተገልብጦ፣ ደረጃቸው ከሚታወቅ ማመሳከሪያ ድንጋዮች ጎን ተደርድሮ፣ በቁጥጥር ሥር ባለ ብርሃን ነው። ተገልብጦ የሚታየው ለምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ፊቱን ወደ ላይ ሲያደርግ ብልጭታው ቀለሙን ይሸፍነዋል። እጅዎ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚውለው።

የቀለበቱ ብረት ብዙ ይወስናል። በእኛ ዘንድ ቢጫ ወርቅ ይወደዳል፣ ይህም ለገዢው መልካም ዕድል ነው። ቢጫ ወርቅ ላይ የተቀመጠ ጄ ወይም ኬ አልማዝ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዲን ቢጫ ወርቅ ላይ ማስቀመጥ በከንቱ መክፈል ነው። ለነጭ ወርቅ ወይም ለፕላቲነም ጂ ወይም ኤች ይበቃል። ነጭ ወርቅ የሚያብረቀርቀው በሮዲየም ስለሚለበጥ እንደሆነና ከዓመታት በኋላ እንደገና ማስለበጥ እንደሚያስፈልግም አስቀድመው ይወቁ።

ንጽህና ማለት ምንድን ነው? ውስጡ ነጥብ ያለበት አልማዝ መግዛት ነውር ነው?

በፍጹም። አልማዝ ከመሬት ሥር ጥልቅ ቦታ፣ በከባድ ሙቀትና ግፊት የተፈጠረ ነው፤ ሲወለድ ይዟቸው የቀሩ ትንንሽ ክሪስታሎች፣ ስንጥቆችና ደመና መሰል ነገሮች በአብዛኛው አልማዝ ውስጥ አሉ። ባለሙያው በ10 እጥፍ ማጉያ ተመልክቶ ከ11 ደረጃዎች በአንዱ ይመድበዋል። ከላይ ወደ ታች ኤፍ.ኤል. እና አይ.ኤፍ. እንከን አልባዎቹ ናቸው። ቀጥሎ ቪ.ቪ.ኤስ. 1 እና 2፣ ቪ.ኤስ. 1 እና 2፣ ኤስ.አይ. 1 እና 2 ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ አይ 1፣ 2 እና 3 አሉ።

ለቀለበት የሚያስፈልግዎ ነገር ቀላል ነው፦ 25 ወይም 30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ይዘው ሲያዩት በባዶ ዓይን ምንም የማይታይበት ድንጋይ። ቪ.ኤስ. 2 ይህን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ያሟላል፤ ኤስ.አይ. 1ም ብዙ ጊዜ ያሟላል። ኤስ.አይ. 2 ላይ ሲደርሱ ድንጋዩን ራሱን ሳያዩ አይወስኑ። በኤስ.አይ. 1 እና በቪ.ቪ.ኤስ. 1 መካከል ያለውን ልዩነት አማትዎም፣ ሚዜዎችዎም፣ እርስዎም አያዩትም፤ የዋጋውን ልዩነት ግን የባንክ ሒሳብዎ ያየዋል።

ደረጃው እኩል ሆኖም እንከኑ የት እንዳለና ምን እንደሆነ ይለያያል። ከላዩ ጠፍጣፋ ገጽ ሥር መሃል ላይ የተቀመጠ ጥቁር ክሪስታል ያስከፋል፤ ጠርዝ ላይ ያለ ነጭ ነጥብ ግን የቀለበቱ ጥፍር ይሸፍነዋል። ወደ ወገቡ (የላይኛውና የታችኛው ክፍል ወደሚገናኙበት ዙሪያ ጠርዝ) የሚወጣ ስንጥቅ ካለ ይተዉት። አልማዝ ከማንኛውም የተፈጥሮ ማዕድን የጠነከረ ቢሆንም በደካማ አቅጣጫው ከተመታ ይሰነጠቃል።

ፍሎረሰንስ የሚለው መስመር ያሳስበኝ?

ብዙ አያሳስብዎ። አንዳንድ አልማዝ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር፣ በአብዛኛው በሰማያዊ ቀለም፣ ያበራል። ፌንት ወይም ሚዲየም ከሆነ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ቢጫ ያዘለውን ድንጋይ ትንሽ ነጭ ሊያስመስለው ይችላል። ስትሮንግ ወይም ቬሪ ስትሮንግ ካለ በፀሐይ ብርሃን አውጥተው ይመልከቱት፤ ወተት ጠብ እንዳለበት ካልደበዘዘ ጥሩ ነው፣ ዋጋም ማስቀነሻ ይሆንልዎታል።

የትኛው ሰርተፍኬት ይታመናል?

ሰርተፍኬት የምንለው ወረቀት በትክክል የላብራቶሪ ሪፖርት ነው፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ዋጋውን አይናገርም። ለተፈጥሮ አልማዝ በጥብቅነቱ ቀዳሚው ጂ.አይ.ኤ. ነው። የአንትወርፑ ኤች.አር.ዲ. እና አይ.ጂ.አይ. በሰፊው ይሠራባቸዋል። ኢ.ጂ.ኤል. በሚል ስም የወጡ ሪፖርቶች ደረጃ አብዝተው ይሰጣሉ ተብለው ስለተተቹ ራፕኔት የተባለው የነጋዴዎች የመገበያያ መረብ እ.ኤ.አ. በ2014 ከዝርዝሩ አስወጥቷቸዋል። አሮጌ ቀለበት ከእነዚህ ወረቀቶች ጋር ከቀረበልዎ በተጻፈው ደረጃ ልክ አይክፈሉ።

ሱቁ ራሱ ያተመው "የዋስትና ካርድ" ሪፖርት አይደለም። ለኢንሹራንስ የሚዘጋጅ የዋጋ ግምት ወረቀትም እንዲሁ። "በ3,000 ዶላር እየሸጥንልዎ ግምቱ 7,000 ነው" የሚል ሻጭ ስጦታ እየሰጠዎ አይደለም፤ ያንን ግምት ከፍሎ የሚገዛዎ ሰው የለም።

ሪፖርቱ የዚያው ድንጋይ መሆኑን እንዲህ ያረጋግጡ። በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክዎ በላብራቶሪው ድረ ገጽ ያስገቡ፤ ፍለጋው ነፃ ነው፣ የሚወጣው መረጃም ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ሻጩ ማጉያ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ማጉያውን ዓይንዎ ላይ አስጠግተው ቀለበቱን ወደ እሱ ያምጡት፤ ብዙ ሰው ማጉያውን ከዓይኑ አርቆ ይዞ ምንም ሳያይ ይመለሳል። የድንጋዩን ወገብ ዞር ዞር ሲያደርጉት ከፀጉር የቀጠነ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር ይገኛል። አንዳንድ ሪፖርት ያለው ድንጋይ ቁጥሩ ላይጻፍበት ይችላል፤ ጥፍሩም ሊሸፍነው ይችላል። ቁጥሩ በራሱም ፍጹም ማስረጃ አይደለም። በላብራቶሪ የተሠራ ድንጋይ ላይ የተፈጥሮ አልማዝ ቁጥር ተጭበርብሮ ተጽፎ የተያዘበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሚሊሜትሩንና ክብደቱንም ያመሳክሩ፤ በሪፖርቱ ላይ የተሳለው የእንከኖች ካርታ ካለም አንድ ሁለቱን ድንጋዩ ውስጥ ይፈልጉ። ውድ ድንጋይ ከሆነ ከሱቁ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ባለሙያ ያሳዩት።

ሱቅ ስገባ ምን ላድርግ?

የወርቅ ቤት መብራት አልማዝን ለማስዋብ የተሰቀለ ነው፤ በዚያ ብርሃን መስታወትም ያበራል። ቀለበቱ በጨርቅ እንዲጸዳ ይጠይቁና ወደ መስኮት ወይም ወደ በር ይዘውት ይሂዱ። በቀን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩት። ቀጥሎ ከጠረጴዛ ሥር ወይም በእጅዎ ጥላ ውስጥ ያድርጉት፤ የቀን ኑሯችን በአብዛኛው እንደዚህ ባለ ለስላሳ ብርሃን ውስጥ ነው። በደንብ የተቆረጠ አልማዝ እዚያም ሕይወት አለው፤ ቀስ ብለው ሲያወዛውዙት ብሩህና ጥቁር ቦታዎቹ ተራ በተራ ይቀያየራሉ። አንድ ቦታ ላይ የማይነቃነቅ ጥቁር ወይም ግራጫ ነገር ካለ ብርሃኑ እየፈሰሰ ነው።

አንድ ድንጋይ ብቻውን አይዩ። በአቆራረጥ የሚለያዩ ሁለት ሦስት አስቀርበው ጎን ለጎን ያድርጉ፤ ዓይን የሚማረው በማወዳደር ነው። ሪፖርቱን ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ። መመለስ የሚቻልበትን ቀን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ቅርጹ ክብ ባይሆንስ?

ሞላላ፣ ዕንባ መሰል ወይም ባለ አራት ማዕዘን ቢመርጡ አንዱ ካራት ብዙ ጊዜ ከክቡ ይረክሳል፤ ሞላላው ደግሞ በዚያው ክብደት ጣት ላይ ሰፋ ብሎ ይታያል። ሞላላ ድንጋይ መሃሉ ላይ እንደ ክራቫት ቋጠሮ ያለ ጥቁር ጥላ ስለሚያወጣ በጣም የጎላበትን ይዝለሉ። ኤመራልድ በሚባለው ባለ ደረጃ አቆራረጥ የተሠራ ድንጋይ እንደ መስኮት ክፍት ነው፤ እንከኑንም ቀለሙንም አይደብቅም። እዚያ ላይ ንጽህናውን ቪ.ኤስ. 1 ማድረግ ያስፈልጋል። ሹል ማዕዘን ያላቸው ፕሪንሰስ የሚባሉት ጫፋቸው በቀላሉ ስለሚሸረፍ ማዕዘኖቹን የሚያቅፍ ጥፍር ይፈልጋሉ።

በላብራቶሪ የተሠራ አልማዝ እውነተኛ አልማዝ ነው?

አዎ። ካርቦን ነው፣ ክሪስታሉም ጥንካሬውም አንድ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ አልማዝ መሥራቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ዛሬ ለጌጥ የሚሆነው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ነው፤ ሁለተኛው ካርቦን ካለበት ጋዝ ድንጋዩን ንብርብር አድርጎ ማሳደግ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2018 የአልማዝን ትርጓሜ ሲያሻሽል "የተፈጥሮ" የሚለውን ቃል አውጥቶታል፤ ሻጩ ግን በላብራቶሪ የተሠራ መሆኑን በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት።

ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። ዲ ቢርስ የተባለው ትልቅ የአልማዝ ኩባንያ በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም አንዱን ካራት በ800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ገበያው ደንግጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ከዚያም ወርዷል፤ ኩባንያውም በ2025 ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታውቋል። ፋብሪካው በፈለገው መጠን ሊያመርተው ስለሚችል ወደፊት ዋጋው ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ጂ.አይ.ኤ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ እነዚህን ድንጋዮች እንደ ተፈጥሮዎቹ በዲ ወይም በቪ.ኤስ. መመደብ ትቶ "ፕሪሚየም" እና "ስታንዳርድ" በሚሉ ሁለት ደረጃዎች ብቻ ይገልጻቸዋል።

ውብና ትልቅ ፈርጥ በጥቂት ገንዘብ ለሚፈልግ፣ የተረፈውን ለቤት ኪራይ ወይም ለሠርጉ ድግስ ማዋል ለሚፈልግ ጥንድ፣ ይህ ጥሩ ምርጫ ነው፤ የሚያፍሩበትም ነገር የለም። መጥፎው ነገር በላብራቶሪ የተሠራውን በተፈጥሮው ዋጋ መግዛት ነው። በዓይንም፣ በማጉያም፣ በተራ የአልማዝ መፈተሻ መሣሪያም ሁለቱን መለየት ስለማይቻል መተማመኛዎ የላብራቶሪው ሪፖርት ነው።

ሞይሳናይትንና ዚርኮንን በቤቴ መለየት እችላለሁ?

በከፊል። ዚርኮን የምንለው ሰው ሠራሽ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ከአልማዝ ይለሰልሳል፤ ጥቂት ዓመት ከለበሱት የገጾቹ ጠርዝ ይደክማል፣ ላዩም ይጫጫራል። ከቀለበት ያልገባ ድንጋይ ከሆነ ሚዛን ያጋልጠዋል፤ ዚርኮኑ በመጠን እኩል ከሆነው አልማዝ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይመዝናል። ሞይሳናይት የተባለው ሌላው አልማዝ መሰል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ይበልጥ ያታልላል። ሙቀት የሚለካው ርካሹ መፈተሻ "አልማዝ ነው" ብሎ ይጮህለታል። በማጉያ በጎን በኩል አጋድለው ሲያዩት ግን የጀርባ ገጾቹ መስመር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አልማዝ ውስጥ ይህ አይኖርም። ከልክ ያለፈ የቀስተ ደመና ብልጭታም ምልክቱ ነው። መስታወት በመጫር መፈተን ይተው፤ ተራ ኳርትዝም መስታወት ይጭራል።

"ታክሟል" የሚባለው አልማዝ ምንድን ነው?

ስንጥቁ መስታወት በመሰለ ነገር የተሞላ፣ ጥቁር ነጥቡ በሌዘር ተበስቶ የነጣ ወይም ቀለሙ በሙቀትና ግፊት የተቀየረ ድንጋይ ነው። የተሞላውን በተለይ ይራቁ። ቀለበቱን ለማስጠበብ ወርቅ ሠሪው እሳት ሲያስጠጋው ሙሊቱ ሊበላሽ ይችላል፤ ጂ.አይ.ኤ.ም ለእንዲህ ያለው ድንጋይ ደረጃ አይሰጥም።

እህቴ ዱባይ ናት፤ እዚያ ብትገዛልኝ ይሻላል?

ወርቁን በተመለከተ ዋጋው ግልጽ ነው፤ በዴይራው የወርቅ ገበያ የዕለቱ የግራም ዋጋ ይታወቃል፣ የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል፣ ክርክሩም እዚያ ላይ ነው። አልማዝ ያለበት ቀለበት ግን በአንድ ድምር ዋጋ ይቀርባል። እህትዎ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ የወርቁ ግራምና ካራት ለብቻው፣ የድንጋዩ ክብደት ለብቻው፣ እና የዋናው ድንጋይ ሪፖርት ቁጥር። ቁጥሩን በስልክ ትላክልዎና እርስዎ ባሉበት ሆነው ድረ ገጹ ላይ ይዩት። ለጎብኚ 5 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ የሚደረግበት ሥርዓት አለ፤ ነዋሪ ከሆነች አይመለከታትም። ኒውዮርክ 47ኛው ጎዳና ላይ ለሚገዛም ምክሩ ያው ነው፤ እዚያም የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። በእስራኤል ያለው የራማት ጋን የአልማዝ መገበያያ ማዕከል ግን በዋነኛነት ነጋዴዎች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ነው።

አልማዝ እንደ ወርቅ የክፉ ቀን ደራሽ ይሆናል?

አይሆንም፤ ይህን በግልጽ መናገር ግዴታ ነው። የእናትዎን የወርቅ ሐብል ነገ ወርቅ ቤት ቢወስዱት በግራም ተመዝኖ ለዕለቱ ገበያ የቀረበ ዋጋ ያገኛሉ። የአልማዝ ቀለበት ሲሸጡ ወርቁ ይመዘንልዎታል፤ ድንጋዩ ግን ከገዙበት በጣም ባነሰ ዋጋ ነው የሚሄደው፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላይቆጠርልዎ ይችላል። ገዢው ነጋዴ በጅምላ ከሚያገኝበት በላይ ስለማይከፍልዎ ነው። ቤተሰብ ለወጣቶቹ ጥሪት እንዲሆን የሚሰጠውን ወርቅ ሸጦ አልማዝ መግዛትን አልመክርም። አልማዙ ለፍቅሩና ለውበቱ ይገዛ፤ ጥሪቱ በወርቅ ይቆይ።

ድንጋዩ ከጦርነት ቦታ አለመምጣቱን እንዴት አውቃለሁ?

በሴራሊዮንና በአንጎላ ጦርነቶች አማፂያን በአልማዝ መሣሪያ ይገዙ ስለነበር ይህን ንግድ ለማገድ የኪምበርሊ ሂደት የተባለው ዓለም አቀፍ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ጀመረ። የኪምበርሊ ሰርተፍኬት ግን ያልተቆረጠ አልማዝ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ጭነቱን የሚያጅብ ወረቀት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ላለ አንድ ፈርጥ የሚሰጥ አይደለም። አማፂ ባልሆኑ ኃይሎች ወይም በማዕድኑ ቦታ በሠራተኞች ላይ የሚፈጸም በደልንም አይሸፍንም። ድንጋዩ ከየት አገር እንደወጣ ሻጩን ይጠይቁ፤ ከቦትስዋና ወይም ከካናዳ መሆኑን በሰነድ የሚያሳዩ አሉ።

በአልማዝ ፈንታ የአገራችንን ድንጋይ ብናስገባስ?

ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ድንጋዩን ለቦታው መምረጥ ብቻ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከወሎ፣ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በዓለም ስሙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በጥንካሬ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ጣት ላይ ሲውል ይጫጫራል። ውሃም ይመጥጣል፤ እቃ ሲያጥቡበት ቀለሙ ለጊዜው ይጠፋል። ለአንገት ጌጥ ወይም ለጆሮ ያድርጉት። የሻኪሶው ኤመራልድ ይጠነክራል፣ እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ለየቀኑ ቀለበት የሚያስተማምነው በትግራይ አክሱም አካባቢ የሚወጣው ሳፋየር ነው፤ ጥንካሬው 9 ስለሆነ ከአልማዝ ቀጥሎ ይሰለፋል።

ቀለበቴ ደብዝዟል፤ አልማዙ ተበላሽቶ ነው?

ቅባት ይዞት ነው። አልማዝ ውሃን ይገፋል፣ ቅባትን ግን ይስባል። ሎሽን፣ የፀጉር ቅቤ፣ የወጥ ዘይት ከድንጋዩ ሥር ይሰበሰብና ብርሃን የሚመልሱትን የታችኛዎቹን ገጾች ይሸፍናል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገው ሃያ ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በጀርባ በኩል አስገብተው ይቦርሹት። በረኪና አያስነኩት፤ ወርቁን ይጎዳዋል። የእቃ ማጠቢያውን ቀዳዳ ደፍነው ወይም በሳህን ውስጥ ያጥቡት።

ሊጥ ሲያቦኩና ልብስ ሲያጥቡ ያውልቁት። በየጊዜው ቀለበቱን ጆሮዎ ሥር አድርገው በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ከተንኳኳ ጥፍሩ ላልቷል ማለት ነውና ወርቅ ሠሪ ጋ እስኪደርስ አያጥልቁት።